እመንና ተገላገል

የሺሃረግ ገብረሚካኤል በሃምሳ ዓመት ዕድሜዋ ያካበተችው ብዙ ነገር አልነበረም። ቦንጋ ውስጥ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከጓሮው ጥቂት የቡና እግር፣ ጅማ ያገባች አንዲት ልጅ፣ ከዚህ ሌላ ደግሞ አንድ ምክር ነበራት። ቤቷን አታከራይም፣ ቡናዋንም ሰው እንዲለቅምላት አትወድም፤ ምክሯን ግን ለማንም ነፍጋ አታውቅም። በዐቃቤ ሕግ ቢሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ከመስኮቷ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ፍርድ ቤት እስኪጠራ የሚጠብቅ ተከሳሽ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። እሷም አንገቷን አውጥታ «እመንና ተገላገል» ትለዋለች። ሴት ከሆነች «እመኚና ተገላገዪ»፣ ሽማግሌ ከሆነ «ይመኑና ይገላገሉ»። ሌላ የሕግ ትምህርት የላትም፤ የሚያስፈልጋትም አይመስላትም ነበር።

ፖሊሶቹ ከኋላዋ «እትዬ ተገላገል» ይሏታል። ታውቃለች። ስሙን ካወጡላት ውስጥ ሁለቱን አማላጅ ልካ የዳረቻቸው እሷው ስለሆነች አትቀየምም።

ምክሩን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። አባቷ ገብረሚካኤል ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ መንደር ሽማግሌ ነበሩ። የአንዱ ፍየል የሌላውን እንሰት ሲበላ፣ ወንድማማቾች በወሰን ሲጣሉ፣ ጎረምሳ የሰው ቀፎ ሲያራግፍ፣ ነገሩ ወደ እሳቸው ይመጣል። የሺሃረግ በልጅነቷ ለሽማግሌዎቹ ውሃ እያቀበለች የሰማችው ሕግ አጭር ነበር። የካደ ሰው ነገሩ ይጎተትበታል፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ይተካል፣ እርሻው ዳዋ ይለብሳል። ያመነ ሰው ግን «በድያለሁ» ባለበት ቀን ካሳውን ቆርጦ፣ ከበደለው ሰው ጋር ከአንድ ገበታ ቆጮ በልቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያን ነገር ማንም አያነሳውም። አንዴ ሠርግ ላይ ጠጅ ሞቅ ያደረገው አንድ ሰው ከስድስት ዓመት በፊት የታረቀ የሌብነት ነገር አንስቶ ጎረቤቱን ሲያሽሟጥጥ፣ አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የታረቀ ነገር የሚያነሳ ሰው ሌባው እሱ ነው፤ የሰው ሰላም ሰርቋል» አሉና በግ አስከፈሉት። በጉ ሲታረድ የሺሃረግ እዚያው ነበረች፤ ከጉበቱም ደርሷታል።

በ1978 ዓ.ም. የጽሕፈት መኪና ፈተና አልፋ ቢሮው ስትቀጠር ዘመኑ የደርግ ነበር። በ1983 ግንቦት አለቆቿ ተበታትነው ቢሮው ኦና ሲሆን የወንጀል መዝገቦቹን በቡና ጆንያ አድርጋ ቤቷ አስገባቻቸው። ሁለት ወር አልጋዋ ሥር አቆይታ፣ አዲሶቹ ሹማምንት ሲመጡ አንድም ሳይጎድል አስረከበች። «ምን አደከመሽ?» ያሏት ነበሩ። እሷ ግን መዝገብ ከጠፋ ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ያለቀ የደቀቀው ሁሉ ይነሳል ብላ ነበር የፈራችው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እሷም ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች።

ደግሞም የመንግሥት ሕግ ከአባቷ ሕግ ጋር የተጣላ አልመሰላትም። ያመነ ተከሳሽ ቅጣት ይቀልለታል፤ ዳኞቹም መመሪያውም እንዲያ ይላሉ። ቢፒአር የሚሉት ለውጥ መጥቶ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አንድ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመሩ ወዲህማ፣ ጠዋት ያመነ ሰው ከምሳ በፊት ፍርዱን ይሰማል። ግድግዳው ላይ በአንድ ቀን የተዘጉ መዝገቦችን ቁጥር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተለጠፈ። የሺሃረግ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ከነዚያ ውስጥ ስንቱ በእሷ ምክር እንደተዘጋ እያሰበች ለራሷ ፈገግ ትላለች።

በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኢሳያስ ከሥልጠና ተመለሰ። ኢሳያስ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ዐቃቤ ሕግ ነው። ጨጓራውን ስለሚያመው ምሳውን አስመጥቶ ቢሮው ውስጥ ይበላል፤ ሰው አያመናጭቅም፣ ጉቦ የሚባል ነገር በደጁ አያልፍም። ከሥልጠናው ይዞ የመጣው አንድ ካርቶን ቢጫ ካርድና አንድ ፕሮግራም ነበር።

«እትዬ የሺ፣» አላት ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ፣ «አብዛኛውን ወንጀል የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ይሄ ተጠንቶ የታወቀ ነው። እነሱን ለይተን፣ የራሳቸው መዝገብ ከፍተን፣ አንድ ዐቃቤ ሕግ እነሱን ብቻ ቢከታተል አገሩ እፎይ ይላል። እርስዎ ያለፉትን አምስት ዓመታት መዝገብ ያገላብጡልኝና ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ሁሉ ካርድ ያውጡለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያ ሰው ድጋሚ ሲመጣ እንደ አዲስ አይታይም። ካርዱ ለዳኛ ይቀርባል። ዋስትና እንቃወማለን፣ ቅጣቱም እንዲከብድ እንጠይቃለን። ያን ፋይል የምይዘው እኔ ነኝ።»

ነገሩ ደግ መሰላት። ሌባ የማይጠላ ማን አለ? ባለፈው ዓመት ደጇ ላይ ካሰጣችው ቡና ግማሹን ዘርፈዋታል። መነጽሯን ጠርጋ ሥራዋን ጀመረች።

ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ሠላሳ አራት ሰው ወጣ። ግራ መጋባቱ የጀመራት ወደ ሃያኛው ካርድ ስትደርስ ነው። በየመዝገቡ ጠርዝ፣ ከተከሳሹ ስም ጎን፣ በገዛ እጅ ጽሕፈቷ አንድ ቃል ተጽፏል፤ አምኗል። የሚቀጥለው፣ አምኗል። የሚቀጥለው፣ አምናለች። ከሠላሳ አራቱ ሠላሳ አንዱ ያመኑ ናቸው። አንድ በአንድ ፊታቸው መጣባት። ሁሉም ያን አግዳሚ ወንበር ያሞቁ፣ ሁሉም ከመስኮቷ ቃል የሰሙ ናቸው። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወንበሩን በመስኮቱ አየችው። የዚያን ሰዓት ባዶ ነበር።

«ኃይለመስቀልስ?» አለች ካርዶቹን ስታስረክብ።

በዚያ አገር ኃይለመስቀልን የማያውቅ የለም። የሰው በሬ ይጠፋል፣ ኃይለመስቀል አዲስ ጫማ ያደርጋል። አምስት ጊዜ ተከሷል። አምስት ጊዜም ክዶ፣ ጠበቃ አቁሞ፣ ምስክሮቹ እየፈሩ እየቀሩለት በነፃ ተሰናብቷል። ካርድ አልወጣለትም።

«ያልተፈረደበትን ሰው ደጋጋሚ ልንለው አንችልም፣ እትዬ የሺ» አለ ኢሳያስ። «ሕግ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ሕግ ነው። ቦታዋ ተመልሳ ስትቀመጥ ያስጨነቃት ይኸው እውነት መሆኑ ነበር። ቢዋሽ ኖሮ ነገሩ ይገባት ነበር።

ከሠላሳ አራቱ አንዱ አምባው ነው። አምባው ከጫካው ጥግ የሚኖር፣ ቡናና እንሰት ያለው፣ ግንድ ፈልፍሎ ቀፎ የሚሠራ ረጅም ገበሬ ነው። በ1999 ከበዛብህ ቀፎ ማር ወስዶ አምኗል፤ ሁለት ወር ታሰረ። በ2000 ጠላ ቤት ውስጥ ሰው መትቶ አምኗል፤ አንድ ወር። በ2002 ከተከለለው ደን ለቀፎ የሚሆን ዛፍ ቆርጦ አምኗል፤ ሁለት ወር። ሦስቱንም ጊዜ ከመስኮቷ ሥር ተቀምጦ ምክሯን ሰምቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ከእስር ሲወጣ መጥቶ አመስግኗታል። ከዚያ ደግሞ አገሩ ገብቶ በሽማግሌ ፊት እንደገና «በድያለሁ» ብሎ ታርቋል። በመንደሩ ከእሱ የጸዳ ሰው ያለ አይመስለውም። ገበያ ላይ ሲያገኛት፣ «እትዬ፣ ሌላው ሰው ያላመነው ስንት ነገር ሆዱ ውስጥ አለ። እኔ ጋ ምንም የለም» ይላታል ደረቱን መታ መታ አድርጎ። የሺሃረግም ከልቧ ታምነው ነበር።

በኅዳር ወር፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ የአንድ ማር አምራች ማኅበር አሥራ አንድ ቀፎ ጫካ ውስጥ ተራግፎ ተገኘ። ያየ የለም፤ ሌባው ጥሎት የሄደ ነገርም አልተገኘም። መርማሪዎቹ የካርዱን ሣጥን ከፈቱ። ከዚያ ቀበሌ ማር ሰርቆ የተፈረደበት ማን አለ? ቢጫው ካርድ ወጣ፤ ጽሕፈቱ ክብ ክብ ያለ፣ ንጹሕ፣ ለማንበብ የማያስቸግር ነበር። አምባውን ከነቅርጫቱ ከቡናው ሥር ይዘውት መጡ።

ማክሰኞ ጠዋት የሺሃረግ መስኮቷን ስትከፍት አግዳሚው ወንበር ላይ አገኘችው። ጣቶቹ በቡና ልጣጭ ጠቁረዋል። አጠገቡ ለገሰ የሚባለው ፖሊስ ቆሟል።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ» አለ አምባው ብድግ ብሎ። የሚነጋገሩት በካፊኖኖ ነው፤ ቢሮ ውስጥ አማርኛ ይነገራል፣ በመስኮት በኩል ግን የእናት ቋንቋ ይቀላል።

«ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ደግሞ ምን አደረግክ?»

«ዛሬስ ምንም አላደረግኩም። ማር ጠፋ ይላሉ። ጠፋ ባሉበት ቀን እኔ ዋጫ ከተማ ነበርኩ። የኮከብ አጎት ሞተው ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠናል።» ኮከብ ሚስቱ ናት።

«ታዲያ ምን ልትል ነው?»

«አምናለሁ እንጂ።»

«ያላደረግከውን?»

«ቡናዬ ቀልቷል፣ እትዬ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። «ባምን አንድ ወር ነው፤ ሲበዛ ሁለት። ኮከብ የታችኛውን ትለቅማለች፣ የላይኛው እስክወጣ ይቆየኛል። ብክድ ግን ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ይወልዳል። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?»

ለገሰ ከጎን ሆኖ ሳቅ አለ። «በሉ እንጂ እትዬ፣ ቃሏን ይበሉለትና ልውሰደው።»

አፏን ከፈተች። ሃያ ስድስት ዓመት ሳትቸገር የወጣች ቃል ግን አልወጣችም። ካመነ አራተኛው ነው። አራተኛው ሲሆን ካርዱ ይወጣል። ካርዱ ሲወጣ ኢሳያስ ሦስት ዓመት ይጠይቃል፤ ይህን የሚለውን የቢሮውን ደብዳቤ የጻፈችው በገዛ እጇ ነው።

«አትመን» አለችው።

አምባው የሰማውን አላመነም። «ምን አሉኝ?»

«ያላደረግከውን አደረግኩ አትበል። ዋጫ ነበርኩ በል። ለቅሶ ላይ ያዩህን ሰዎች ስም ጥራ።»

«ተቀየሙኝ እንዴ፣ እትዬ?»

«አልተቀየምኩህም። ዘንድሮ ሌላ ነው። ያለፉትን ሦስቱን ይቆጥሩብሃል።»

«የትኞቹን ሦስት?»

«የማሩን፣ የጠላ ቤቱን፣ የዛፉን።»

አምባው እንደ መሳቅ አለ። «እነሱማ አልቀዋል። አምኜ ነው እኮ ያለቁት። በዛብህ እኮ የልጄ ክርስትና አባት ነው!»

አባቷ ቢኖሩ ከዚህ በላይ አይሉም ነበር። «አትመን ብዬሃለሁ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ከዘጋችው በኋላ ደግሞ ቆጣ ማለቷ ጸጸታት።

የዚያን ዕለት ፋይል ይዛ ችሎት መግባት ነበረባት፤ ከኋላ ቆመች። ዳኛዋ ክሱን አስነበቡና በአስተርጓሚ በኩል ጠየቁት፤ ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም? አምባው ዞር ብሎ የሺሃረግን ፈለጋት። ካገኛት በኋላ መሬት መሬት እያየ «አላደረግኩም» አለ። በዚያ ችሎት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ካደ፤ አነጋገሩም ውሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ የሚናገረው ዓይነት ነበር። ዳኛዋም እንደዚያው ሳያዩት አልቀሩም፤ ቅንድባቸውን አነሡና ጻፉ።

ኢሳያስ ተነሥቶ ቢጫውን ካርድ አነበበ። ዓመቱን፣ ድርጊቱን፣ ቅጣቱን፣ ከዚያ ደግሞ በየመጨረሻው «አምኗል»። አምባው እጁን አወጣ። ሳይፈቀድለት በተሰባበረ አማርኛው፣ «እሱ አልቋል። ታርቀናል። በልተናል» አለ። ዳኛዋ ተከሳሹ ሲጠየቅ ብቻ እንዲናገር አዘዙ። ዋስትና ተከለከለ፤ ምስክር ለመስማት ለታኅሣሥ ተቀጠረ። ከችሎት ሲያስወጡት በአጠገቧ አለፈ። አልተቆጣም፤ ግራ ገብቶት ነበር። እሷም ከእሱ ባላነሰ ግራ ገብቷት ነበር።

በታኅሣሥ የማኅበሩ ምስክሮች ቡና ለቀማ ላይ ነን ብለው ቀሩ። ተከሳሹም ቡና እንዳለው የጠየቀ አልነበረም። በጥር ዳኛዋ ስብሰባ ሄዱ። በየካቲት አንዱ ምስክር መጣ፣ ሌላው ቀረ። ኮከብ አራስ ልጇን አዝላ በየቀጠሮው ትመጣና መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። የላይኛው ቡና ረግፎ መሬት ላይ በሰበሰ። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ባለቤቴ እርስዎ ያሉትን ነው ያደረገው» አለቻት። ስትወቅሳት አልነበረም፤ ያለውን ነው የተናገረችው። የሺሃረግ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በመጨረሻ የኢሳያስን በር አንኳኳች። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ወንበር ሳበላት።

«አቶ ኢሳያስ፣ ይህ አምባው የሚባለው ሰው ያን ቀን ዋጫ እንደነበር ያውቃሉ?»

«ብሏል። የመከላከያ ምስክር ተራው ሲደርስ ያቀርባል።»

«ዋጫ እኮ ሩቅ አይደለም። ፖሊስ ልከው ቢያስጠይቁ?»

«ሁሉም ተከሳሽ የሆነ ቦታ ነበርኩ ይላል፣ እትዬ የሺ።»

«እሱ ግን አይልም ነበር። ሦስት ጊዜ አድርጎ ሦስት ጊዜ አምኗል። አራተኛውን አላደረግኩም ካለ አላደረገም ማለት አይደለም?»

ኢሳያስ ነገሩን በቁም ነገር ወሰደው። መጥፎ ሰው እንዳልሆነ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። «ይህን ክርክር ለዳኛ እንዴት አድርጌ አቀርበዋለሁ?» አለ። «ሦስት ጊዜ ጥፋተኛ የተባለ ሰው በዚያው ምክንያት ይታመን ልበል?»

«ቢያምንስ ኖሮ ምን ይፈረድበት ነበር?»

«ሁለት ዓመት ተኩል። ምናልባት ሦስት።»

«እንግዲያስ አትመን ብዬ ደግ አደረግኩ።»

ኢሳያስ ቀና ብሎ አያት። እሱ እንዳልሰማ ሊሆን እንደፈለገ ገባት። እሷ ግን ከጀመረች አልቀረ ብላ የአባቷን ነገር፣ የበጉን፣ የታረቀ ነገር ስለማንሳት ያሉትን ነገረችው። እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ደስ የሚል ሥርዓት ነው» አለ። «ግን ፍርድ ቤት አያስታርቅም፣ እትዬ የሺ። ይፈርዳል።»

እሷ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት የሚያስታርቅ መስሏት ነበር። ወደ ክፍሏ ስትመለስ አግዳሚው ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች፤ ከጎረቤቷ ጋር ተደባድባ ነው የተከሰሰችው። «እትዬ፣ ምን ብል ይሻለኛል?» አለቻት። የሺሃረግ እመኚ ልትል አሰበች፤ ካርድ ታያት። ካጂ ልትል አሰበች፤ አምባው ታያት። «እኔ አላውቅም፣ ልጄ» አለች። ለገሰ በአጠገቧ ሲያልፍ ሰምቶ፣ አሟት እንደሆነ ጠየቃት።

በግንቦት ሁለቱም ምስክሮች አንድ ላይ ቀረቡ። ዳኛዋ የመጀመሪያውን ጠየቁት።

«ተከሳሹ ቀፎዎቹን ሲያራግፍ አይተሃል?»

«እኔ አላየሁም።»

«ሌላ ያየ ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ሰውዬው ጥያቄው ገረመው። «ካርድ አለው አሉን» አለ።

ሁለተኛውም ከዚህ የተለየ አልተናገረም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር ነገሩ ሁሉ። ከዋጫ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ እነሱን መስማት ሳያስፈልግ ቀረ። አምባው መከላከል ሳይጠበቅበት በነፃ ተሰናበተ። ስድስት ወር ከአምስት ቀን ታስሯል። ኢሳያስ ይግባኝ አልጠየቀም። ፋይሉን ሲመልስላት፣ «ያየ ምስክር ሳይኖር መክሰስ አልነበረብኝም» አላት ቀስ ብሎ፤ ይህን ለማለት የሚደፍር አለቃ ብዙ አላየችም።

«ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?» አለችው።

ሁለቱም ካርዱን ተመለከቱ። ጥፋተኛ የተባለበት ቀን የሚል ዓምድ አለ፤ የቅጣቱ መጠን የሚል አለ። ነፃ ለወጣ ሰው የተዘጋጀ ቦታ የለም።

«ይቆይ፤ እጠይቃለሁ» አለ ኢሳያስ። ካርዱ ወደ ሣጥኑ እንደነበረው ተመለሰ፤ ሦስቱ መስመር ሳይነካ።

በሰኔ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ በዋለበት ቀን፣ አምባውን መስኮቱ ሥር ቆሞ አገኘችው። ከስቷል። ጸጉሩ በስብሷል፤ በብብቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ግባ፣ አትበስብስ» አለችው።

«እዚሁ ይሻለኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው፣ እትዬ። እስር ቤት ሆኜ ሳስበው ከረምኩ፣ አልገባኝም። እርስዎ የተማሩ ነዎት።» ጣቶቹን ዘረጋ። «ማር የወሰድኩ ጊዜ ሁለት ወር። ሰው የመታሁ ጊዜ አንድ ወር። ዛፍ የቆረጥኩ ጊዜ ሁለት ወር። ያደረግኩት ሁሉ ተደምሮ አምስት ወር። ያላደረግኩት ለብቻው ስድስት ወር። እንዴት ነው ይሄ?»

ቅሬታ በድምፁ ውስጥ አልነበረም። እንደ ድሮው መልስ ፈልጎ ነው የመጣው፤ እሷም እንደ ድሮው መልስ ይኖራት እንደሆነ በዓይኑ ይጠብቅ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው።

«አላውቅም፣ አምባው» አለች። «እኔም አልገባኝም። ይቅር በለኝ።»

«እርስዎ ምን በደሉ?» አለ አምባው ደንግጦ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ይቅር በለኝ የሚለው ቃል ለእሱ የነገር ሁሉ ማለቂያ ነውና። «ይኸው አለቀ። እንግዲህ አይነሳም።» የኮባውን ጥቅል በመስኮቱ አሳልፎ ዘረጋላት። ጠርዙ ተገልጦ ነጭ ማር ይታያል፤ የዘንድሮ፣ ገና ሰም ያለቀቀው፣ ሽታው ክፍሉን የሞላ። «ለእርስዎ ነው ያመጣሁት።»

የሺሃረግ እጇን ሰደደች። እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ለአፍታ ብቻ ነው፤ ዓይን ርግብ እስኪል ነው። በዚያች አፍታ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልነበረ ነገር በልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ አገኘችው። ይህ ማር ከማን ቀፎ ነው?

አፈረች። ጥቅሉን ፈጠን ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለች፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረች። አምባው ግን እጇን አይቶታል። ደረቱን አልመታም። ዓይኑን ከእሷ መልሶ ዝናቡን አየ።

«ከራሴ ቀፎ ነው» አለ።

የጠየቀው ሰው አልነበረም።